የዛገ ውጅግራ ይዤ ከየት ልጀምር?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ አሮጌ ጠመንጃና ስለ ሳንጃ ናቸው። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ። የሌሎቻችሁ ጥያቄ ግማሽ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከአያቴ አንድ ውጅግራ ጠመንጃ ወርሻለሁ። ፈቃዱን ጨርሼ በስሜ አዙሬዋለሁ። ለብዙ ዓመት ሳጥን ውስጥ ስለኖረ ብረቱ ዝጓል። መዝጊያው አልከፈት ብሏል። እንጨቱ በቅባት ጠቁሯል፣ ሰደፉ አጠገብ ትንሽ ተሰንጥቋል። ጓደኞቼ «ብረቱን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ ቫርኒሽ ቀባው፣ አዲስ ይሆንልሃል» ይሉኛል። መተኮስ አልፈልግም። ግን አምሮ ባየው ደስ ይለኛል። ለሥራው አዲስ ነኝ። ከየት ልጀምር?
ጀማሪው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳትጀምር በመጠየቅህ በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙ ጊዜ ደብዳቤ የሚደርሰኝ እንጨቱ ከተፋቀ በኋላ ነው። ያኔ ምን ልበል? የተፋቀ እንጨት አይመለስም። በአሲድ የተበላ ብረትም እንደዚያው። ጓደኞችህ በቅን ልብ ነው የመከሩህ። ቢሆንም አቼቶውንም ብርጭቆ ወረቀቱንም ከጠረጴዛው ላይ አንሳልኝ።

እኔ ያረጀሁት የሙዚየም ዕቃ በሚጠገንበት ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ የተማርኩት ሥራ ዝገቱን ማቆም እንጂ ዕቃውን አዲስ ማስመሰል አይደለም። ያንተ ጠመንጃ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ዕድሜው ቢታይበት ነውር የለውም፤ እንዲያውም ያ ነው ውበቱ። የምንዋጋው ዛሬም እየበላው ካለው ዝገት ጋር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ጠመንጃው ጎርሷል ብለህ ተነሳ። መዝጊያው ካልተከፈተ ባዶ መሆኑን በዓይንህ አላየህም ማለት ነው። አያትህ ባዶውን እንዳስቀመጡት ቤተሰቡ ሁሉ ቢምልልህም አትመን። ባሩድ ደረቅ ሆኖ ከቆየ ከመቶ ዓመት በኋላም ይቀጣጠላል። ቀጭን ቀጥ ያለ የእንጨት ዘንግ ፈልግ። ፊትህንና ደረትህን ከአፈሙዙ ፊት አርቀህ፣ ከጎን ሆነህ፣ ዘንጉን ቀስ አድርገህ እስኪቆም አስገባው። አፈሙዙ ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግበት። ከዚያ አውጥተህ፣ ምልክቱን ከአፈሙዙ ጫፍ ጋር አስተካክለህ፣ ከውጭ በኩል ከጠመንጃው ቱቦ ጎን አስተኛው። ዘንጉ እስከ መዝጊያው ፊት ድረስ ከደረሰ ውስጡ ጥይት የለም። የውጅግራ ቀለህ ብቻውን 59 ሚሊሜትር ነው። የእርሳስ አረሩ ሲጨመርበት ሙሉ ጥይቱ ከ7 ሴንቲሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ዘንጉ በዚያን ያህል ካጠረ፣ ወይም በየትኛውም ቦታ ከተደናቀፈ፣ እዚያው አቁም። አትደብድበው፣ አታሙቀው፣ ዘይት አታፍስስበት። ፈቃድ ላለው የጠመንጃ ባለሙያ ስጠው። ይህን ሳታረጋግጥ ወደሚቀጥለው አንቀጽ እንዳትሄድ አደራ።

ባዶ መሆኑን ካረጋገጥክ በኋላ ፎቶ አንሳው። ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ፣ ከሥር። በተለይ ጽሑፍና ቁጥር ያለበትን ቦታ ሁሉ አቅርበህ አንሳ። ውጅግራ የፈረንሳዮች የእ.ኤ.አ. 1874 ጠመንጃ ነው። አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ አፉ 11 ሚሊሜትር የሆነ። በመዝጊያው ቤት በግራ ጎን የፋብሪካውን ስምና የሞዴሉን ዓመት ታገኛለህ። ሰደፉ ላይ በቀኝ በኩል ክብ ማህተም ይኖራል፤ የተሠራበትን ወርና ዓመት የያዘ ነው። ቁጥሩ ደግሞ ቱቦው ላይም መዝጊያው ላይም ይደገማል። እነዚህ የጠመንጃው የልደት ወረቀት ናቸው። ቁጥሮቹ ከተመሳሰሉ ብረቶቹ ከጥንት ጀምሮ አብረው የኖሩ ናቸው። ያ ክብ ማህተም ጥልቀቱ የጥፍር ያህል እንኳ አይሆንም። ብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ጊዜ ከተመላለሰበት ይጠፋል። ጓደኞችህ ያላሰቡት ይህን ነው።

ቀጥሎ ብሎኖቹ ይመጣሉ። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ጀማሪ አሮጌ ጠመንጃ የሚያበላሸው ከዝገቱ ይልቅ በካቻቪቴ ነውና። ተራ ካቻቪቴ ጫፉ እንደ ሽብልቅ ነው፤ ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳል። የብሎኑ ስንጥቅ ግን ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ሲዞር የሚይዘው ከላይ ጠርዙን ብቻ ነው። ብሎኑ ጠንከር ሲል ካቻቪቴው ወደ ላይ ይንሸራተታል፣ ጠርዙን ይልጠዋል፣ አልፎም ብረቱን ይጭራል። የድሮ ብሎኖች ስንጥቃቸው ጠባብ ስለሆነ ነገሩ ይብሳል። መፍትሔው ቀላል ነው። ርካሽ ካቻቪቴ ወስደህ ጫፉን በሞረድ አስተካክል። ውፍረቱ ስንጥቁን ሙሉ በሙሉ ይሙላ፣ ስፋቱም ከብሎኑ ራስ አይለፍ። ለእያንዳንዱ መጠን አንድ አንድ አዘጋጅ። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ከዚህ የተሻለ ጊዜህን የምታውልበት ቦታ የለም።

ከመፍታትህ በፊት ስንጥቁ ውስጥ የተጋገረውን ቆሻሻ በመርፌ አውጣ። ዝገት የሚያስለቅቅ ዘይት አንድ ጠብታ አድርግበትና እስከ ማግስቱ ተወው። እንቢ ካለ ደግመህ ጠብ አድርግና እንደገና ተወው። ጠመንጃውን ሞርሳ ላይ የምታስር ከሆነ መንጋጋውን በቆዳ ወይም በእንጨት ሸፍነው። ካቻቪቴውን ወደ ታች ተጫነውና መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው በኩል ሞክረው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው። ይህች ትንሽ ንቅናቄ ዝገቱን ትሰብረዋለች። አሁንም ካልሆነ የብየዳ ካውያ ጫፍ የብሎኑን ራስ ብቻ አስነክተህ አሙቀው። ሲቀዘቅዝ ሌላ ጠብታ ዘይት። ትዕግሥት ያጣ ሰው ብሎን ይሰብራል፤ የተሰበረ ብሎን ማውጣት ደግሞ የጀማሪ ሥራ አይደለም።

የፈታኸውን ብሎን ሁሉ ካርቶን ላይ የጠመንጃውን ቅርጽ ሥለህ በየቦታው ሰካው። ተመሳሳይ የሚመስሉ ብሎኖች ርዝመታቸው ይለያያል። መዝጊያው ውስጥ ያለውን ሞላ ለጊዜው አትንካው። የታመቀ ሞላ ሲለቀቅ ዓይን ያጠፋል።

የመዝጊያው አለመከፈት ብዙ ጊዜ ከዝገት ይልቅ ከደረቀ ዘይት ነው። የድሮ ዘይት እንደ ሙጫ ይጋገራል። ብረቱን ከእንጨቱ ካወጣህ በኋላ ላምባ ቀባበትና ተወው። በማግስቱ ድገመው። ከዚያ በእጅህ ብቻ ቀስ እያልክ ወዲያ ወዲህ አነቃንቀው። መዶሻ የሚባል ነገር በአጠገብህ አይኑር።

አሁን ዝገቱ። ሁሉም ዝገት አንድ አይደለም። ነጭ ጨርቅ ወስደህ ብረቱን አሽ። ጨርቁ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት ከወጣ ዝገቱ አሁንም ሥራ ላይ ነው፤ መነሳት አለበት። ብረቱ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ፣ ለስልሶ፣ ጨርቁን ካላቆሸሸ ግን ያ ዕድሜ ነው። ተወው።

ቀዩን ለማንሳት ቀጭን ዘይት ቀባና አሳድረው። ከዚያ ከብረቱ በሚለሰልስ ነገር ፋቀው። ጠርዙ የሾለ የመዳብ ቁራጭ ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ዝገቱን ያነሳል እንጂ ብረቱን አይጭርም። ለተረፈው 0000 የሚል ቁጥር ያለውን በጣም ቀጭን የብረት ሱፍ ተጠቀም። ሁልጊዜ ከዘይት ጋር፤ በደረቁ በፍጹም። የዘይቱ ቀለም ወደ ቀይ ሲቀየር ጥረገው፣ አዲስ ቀባ፣ ቀጥል። አንዳንድ ቦታ ዝገቱ ብረቱን በልቶ ጉድጓድ ትቶ ይሆናል። ጉድጓዱን ልታጠፋው አትችልም። የሚጠፋው በዙሪያው ያለውን ብረት እስከ ታች ድረስ ፍቀህ ስታወርደው ብቻ ነው። ያኔ ጠርዞቹ ይዶለዱማሉ፣ ፊደሎቹም ይሞታሉ። ጉድጓዱን አጽዳው፣ ዘይት አስነካው፣ እዚያው ይኑር።

አቼቶ ለምን እንደማልወድ ልንገርህ። አሲድ ዝገቱን ከጠመንጃው የጥንት ቀለም አይለይም። ያ ጠቆር ያለ የብረት ቀለም ራሱ የብረት ኦክሳይድ ነው። ሁለቱንም አብሮ ያነሳና አመድማ፣ ሕይወት የሌለው ብረት ያስቀርልሃል። በየስንጥቁ የተረፈው አሲድ ደግሞ በማግስቱ አዲስ ዝገት ያመጣል። በኤሌክትሪክ ዝገት የሚያስለቅቁም አሉ። እሱም ቀለሙን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ አንዳንዶች ለሥራው የማይዝግ ብረት ይነክራሉ። ያ ውሃው ውስጥ መርዛማ ክሮሚየም ያወጣል። ይህን ማንም ቤቱ ውስጥ እንዲሞክር አልመክርም።

እኔ በጣም የምወደው አንድ ዘዴ አለ። ትንንሾቹን ብረቶች ከቅባት በደንብ አጽድተህ በተጣራ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀቅላቸው። የተረፈው ቀይ ዝገት ወደ ጥቁር ይለወጣል። በኬሚስትሪ ቋንቋ ማግኔታይት ይባላል። የድሮ ባለሙያዎች ለብረት ጥቁር ቀለም ሲሰጡ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነበር፤ ማዛግ፣ መቀቀል፣ በለስላሳ ሽቦ ብሩሽ መጥረግ፣ እንደገና መድገም። ስለዚህ በምንም የኬሚካል ቀለም ሳትነካው ጠመንጃው የራሱን ቀለም መልሶ ያገኛል። ከውሃው እንዳወጣኸው አድርቀህ ወዲያው ዘይት ቀባው።

የቱቦውን ውስጥ በነሐስ ብሩሽና በዘይት እሽ። ከተቻለ ከኋላ በኩል አስገባ፣ ዘንጉ የአፈሙዙን ጫፍ እንዳይበላው። ጓንት አድርግ። ውስጡ የእርሳስ ቅሪት ስላለ ሠርተህ ስትጨርስ እጅህን ሳትታጠብ ምንም አትብላ።

እንጨቱን በተመለከተ ቫርኒሽ የሚለውን ሐሳብ ተወው። ቫርኒሽ ከላይ የሚቀመጥ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ነው፤ ይህ እንጨት ደግሞ ዘይት የጠጣ ነው። መጀመሪያ ጨርቅ በአኳራጅ አርሰህ ቆሻሻውን ጥረግ፤ መስኮት ክፍት ይሁን፣ እሳት አጠገብህ አይኑር። ጥቁሩ ቅባት ጠልቆ ከገባ የጠመኔ ዱቄት በአሴቶን ለውሰህ ቀባበትና ፀሐይ ላይ አውጣው። ዱቄቱ ሲደርቅ ቅባቱን መጥጦ ቢጫ ይሆናል። አራግፈህ ድገመው። የተጎዳጎደ ቦታ ካለ እርጥብ ጨርቅ አድርግበትና በጋለ ካውያ ንካው። እንፋሎቱ የተጨፈለቀውን እንጨት ያሳብጠዋል፣ ጉድጓዱም ይነሳል። የተቆረጠ ወይም የተቧጨረ ቦታ ግን በእንፋሎት አይነሳም፤ ክሩ ተበጥሷልና። ማህተሙ አጠገብ ካውያ አታድርስ።

ስንጥቁን የምታጣብቀው ቅባቱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ነው። ቅባት ባለበት ሙጫ አይይዝም። ከቆዳ የሚሠራውን የድሮውን የአናጢ ሙጫ እመርጣለሁ። ወደፊት ሌላ ሰው የተሻለ ሊሠራው ቢፈልግ በሙቅ ውሃ ይለቀቅለታል።

በመጨረሻ የተልባ ዘይት። በጣም ስስ አድርገህ በእጅህ እሸው፣ የተረፈውን ጥረገው፣ ለጥቂት ቀናት ተወው፣ ድገመው። ይህን ግን በትልቁ ጻፍልኝ፦ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ይነዳል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ሙቀቱም ክምሩ ውስጥ ይታፈናል። ጨርቁን ደጅ ዘርግተህ አድርቀው ወይም ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ክተተው። በዚህ የተነሳ የተቃጠለ ወርክሾፕ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የውጅግራ ሳንጃ አለን። እጀታው ላይ ያለው ናስ አረንጓዴ ሆኗል። በናስ ማጽጃ ወልውዬ ላብረቅርቀው ወይ?
የአባቷ ልጅ

መልስ፦ እህቴ፣ አታብረቅርቂው። አረንጓዴውን ዘይት አስነክተሽ በሾለ እንጨት ብቻ አንሺው። ጥቁር ቡናማው ይቅር። ብዙዎቹ የናስ ማጽጃዎች አሞኒያ አላቸው፤ አሞኒያ ደግሞ ናስን ያሰነጥቃል። በህንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በፈረስ ጋጣ ያከማቸው የናስ ቀለህ በዝናብ ወቅት ይሰነጠቅ ነበር። ምክንያቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ እንደሆነ በኋላ ታወቀ። ደግሞ የስለቱን ጀርባ በደንብ ተመልከቺ። በእጅ ጽሑፍ መልክ የተቀረጸ የፋብሪካ ስም፣ ወርና ዓመት ይኖራል። ቅርጹ ስስ ነው። እዚያ ላይ ከዘይትና ከለስላሳ ጨርቅ ሌላ ምንም አታሳርፊበት።

ጥያቄ፦ የጥንት ጠመንጃዬን አጽድቼ ጨርሻለሁ። መዝጊያው እንደ ቅቤ ይሄዳል። ለአንድ ቀን፣ ለአንዲት ጥይት ብቻ ብሞክረው ምን ችግር አለው?
የቆየ አንባቢ

መልስ፦ ጌታዬ፣ እባክዎ አይሞክሩት። መዝጊያው ቢለሰልስም ውስጡ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው ፖል ቪየይ ጭስ አልባውን ባሩድ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። በዚያ ባሩድ የተሠራው የመጀመሪያው የጦር ጠመንጃ ደግሞ የ1886ቱ ለበል ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ ብረቱ የተመጠነው ለጥቁር ባሩድ ግፊት ነው። የዘመኑ ጥይት ግፊት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በዚያ ላይ ዝገት የበላው ቱቦ ምን ያህል እንደቀጠነ ከውጭ አይታይም። በዓይን የማይታይ ስንጥቅም ሊኖር ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ ውጅግራዎች እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ ቱቧቸው ተቀይሮ በ8 ሚሊሜትር እንዲሠሩ ተደርገዋል። ስለዚህ የሞዴሉን ስም ብቻ አይቶ ምን ጥይት እንደሚጎርስ መናገር አይቻልም። መሣሪያውን ለክቶ፣ ቱቦውን መርምሮ፣ ኃላፊነት ወስዶ «ይተኮሳል» የሚል ፈቃድ ያለው ባለሙያ ከሌለ የእርስዎ ጠመንጃ የሚታይ ቅርስ ነው። ፊትዎና ጣቶችዎ ከጉጉትዎ ይበልጣሉ።

ስለ ሕጉም ልጨምር። የማይተኮስ አሮጌ ጠመንጃም በብዙ አገር እንደ መሣሪያ ይቆጠራል። የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ገና ካልጠየቁ አሁኑኑ ይጠይቁ። «እንዳይተኮስ አድርገህ አምጣ» ከተባሉ ደግሞ ለማንም ብየዳ ቤት አይስጡት። ቱቦውን የሚበሳ ወይም የሚበይድ ሥራ አይመለስምና ሌላ አማራጭ ካለ መጀመሪያ ያጣሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የታደሰ ጠመንጃ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል ወይስ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል?

መልስ፦ ማኅደሩ ውስጥ አይሁን። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ሲለፋ የገባበት ጨውና አሲድም ብረት ያዝጋል። ማኅደሩን ለብቻው ያስቀምጡት። ማንገቻውም ቆዳ ከሆነ ብረቱን እንዳይነካ ያድርጉ። ግድግዳ ላይ ከሰቀሉት ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው፣ ከምድጃ የራቀ ቦታ ይምረጡ። እንጨት የሚሰነጠቀው እርጥበቱ ከፍ ዝቅ ሲልበት ነው፤ ሃምሳ በመቶ አካባቢ የረጋ እርጥበት ይስማማዋል። ሳጥን ውስጥ ከሆነ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ይጨምሩበት።

ብረቱ ላይ ከዘይት ይልቅ ሰም እመርጣለሁ። ዘይት ይፈሳል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ወደ እንጨቱም ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በብሪቲሽ ሙዚየም የተሠራው ሬናይሳንስ የሚባለው ሰም እስከ ዛሬ ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ነው፤ ለብረቱም ለእንጨቱም ይሆናል። በጣም ስስ አድርገው ይቀቡና በጨርቅ ያሹት። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይንኩት፤ የጣት ላብ ጨው ስላለው የጣትዎን አሻራ በዝገት ያትማል። ዘይት ብቻ ካለዎት ደግሞ አፈሙዙን ወደ ታች አድርገው ያቁሙት። ዘይቱ ወደ እንጨቱ አይወርድም። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ መዝጊያውን አውጥተው በሌላ ክፍል ይቆልፉበት።